የቆመው ቆጣሪ

ወር በገባ በሦስተኛው፣ ጠል ሳይረግፍ ከሣሩ፣
እኔ ነኝ በብስክሌት የምደርሰው ከየበሩ፤
ውሃ ቆጣሪ አንባቢው፣ ደብተሬን ከብብቴ፣
ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ በሰው ደጃፍ ሕይወቴ።

ወደብ ሰፈር ይባላል፣ ከጎርጎራ ቁልቁል፣
ጣና እንደ አራስ ላም ድንጋዩን ሲያባብል።
የብረት በር፣ የጽድ አጥር፣ ጥቁር መስታወት፣ ካሜራ፣
ዘበኛው ስሜን ያውቃል፤ ውሻው ያው ነው፣ አይራራ።

ቤት ቁጥር አንድ።
ጣሊያን ነው የሠራው፣ ሻምበል ነበር ይላሉ፣
ወደ ውሃ የሚወርዱ ሰባት ደረጃዎች አሉ፤
ሲሸሽ ጥሎት የሄደ አንድ የዛገ ሰንሰለት፣
ዘንድሮ የፋሲካ በግ ታስሮ አየሁበት።

ከሻምበሉ ባላምባራስ ገዛው፤
አዋጁ ሲታወጅ ደግሞ ቀበሌው ወረሰው፣
ሳሎኑ መጋዘን ሆነ፣ ስኳር በኪሎ ለሰው።
ኩፖን ይዤ ተሰልፌ፣ የጣሪያውን ጽጌረዳ ስቆጥር፣
ተራዬ አለፈኝ እዚያው። አባቴ ገርፎኝ ሲያበቃ
«ቆጣሪ ያርግህ» አለ፣ እንደ ቀልድ ሲናገር።

አሁን የባለሀብት ነው፤ ፊቱን አይቼው አላውቅም፣
ሐይቁ ሃያ እርምጃ ነው፣ እሱ ግን እዚያ አይዋኝም፤
ገንዳ አስቆፍሯል፣ ሰማያዊ ሸክላ የለበሰ፣
በየወሩ በቆጣሪዬ ቁጥሩ እንደ ዶቃ ፈሰሰ።

ቤት ቁጥር አራት።
ካርታ ሳይመጣ በፊት የነገደ ወይጦ መንደር ነበር፣
ደንገል የሚሰጣበት፣ ታንኳ የሚታሰር፤
ሙሄ ያሳየኛል በጣቱ፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣
«እዚያች ላይ ተወለድኩ፣ ያ መኪና የቆመባት ሜዳ።»
ካሳስ? «ተከፍሎናል» ይላል፤ ይስቃል፣ ጥርስ የለውም፣
ስንት እንደሆነ ብጠይቅ ግን ቁጥሩን አይነግረኝም።
አሁን ክንድ የምታክል ታንኳ ይሠራል ለገበያ፣
አንዷን ገዝተው ሰቀሏት፣ ለሳሎኑ ማሳያ።
ውሃ አታውቅም ያቺ ታንኳ። እኔ ቆጣሪ ሳነብ
በመስኮቱ ትታየኛለች፣ አፍንጫዋ ወደ ወደብ።

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት አዲስ ናቸው፤ ታሪክ የላቸውም ገና፣
ስሚንቶ ብቻ ይሸታሉ፣ ቀለምና ዝምታና።

ቤት ቁጥር ዘጠኝ።
ሦስት ወር ሙሉ ቁጥሩ ቆሟል፤ ሺ አራት መቶ ስድስት።
መስታወቱን ጠረግሁት፣ አንኳኳሁት በጣት።
ትልቁ ቤት ተቆልፏል፤ ልጆች በውርስ ይካሰሳሉ፣
ወይዘሮ አትጠገብ ግን በሰርቪሱ ውስጥ አሉ፤
ያኔ ሲወረስ የተዉላቸው ያችው አንዲት ክፍል፣
ቤቱ ሲመለስም አልወጡ፤ «ሰፊ ቤት ብርድ ያበዛል።»

«ውሃ አይጠቀሙም እማማ?» «ውሃማ መጥቷል በራፌ፤
ሌሊት ወርጄ እቀዳለሁ፣ እምቦጩን በዱላ ገፍፌ።»
ጄሪካኑን አሳዩኝ፣ አፉ ላይ ሐምራዊ አበባ፤
ያ አረም እንኳ ያምራል፣ ከሰው ግቢ ሲገባ።
«ባሌ ቤቱን ሲገዛው ‹ጣናም አብሮ ነው› አለኝ፣
ዋሽቶ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ ያቺ ውሸት ናት የያዘችኝ።»

መመሪያ አለ፦ የቆመ ቆጣሪ በግምት ይሞላል።
ጎንደር በግምቡ ይኮራል፣ መሥሪያ ቤቴ በግምት ይኖራል።
በግምት ብሞላ፣ ዕዳ ነው፤ ያልጠጡትን ሊከፍሉ።
ዜሮ ብጽፍ፣ ሠራተኞች መጥተው ቧንቧውን ሊነቅሉ።

እርሳሴን ላስኩት። ቆምኩ። ከታች ማዕበል ይሰማል፣
ሰባቱን የሻምበል ደረጃ አንድ፣ ሁለት እያለ ይወጣል።

ጻፍሁ፣ በሃያ ሰባት ዓመቴ የመጀመሪያዬን ውሸት፦
«ቁጥር ዘጠኝ፣ አልተነበበም።
ጣና ገብቷል ከግቢው፤ ቆጣሪውን ሸፍኖት።»

ብስክሌቴን ሳዞር፣
ያ ውሻ ጮኸብኝ እንደ ሌባ።